ሔለን በርንስና ትዕግሥት



ግፍን በዝምታ መቻል ክርስቲያናዊ ምግባር ነውን? ይህ ጥያቄ በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። ለመወያያ እንዲሆነን እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ካሳተመችው «ጄን ኤር» ከተባለው ልብ ወለድ አንዲት ልጅ መርጠናል። ስሟ ሔለን በርንስ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የምትታየው በጥቂት ምዕራፎች ብቻ ሲሆን በ14 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ትሞታለች።

የ10 ዓመቷ የሙት ልጅ ጄን ሎውድ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሔለንን ያገኘቻት መጽሐፍ ስታነብ ነው። መጽሐፉም ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው የአቢሲኒያው ልዑል የራሴላስ ታሪክ ነበር። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን ይህን መጽሐፍ በዚያ ቀዝቃዛ ግቢ በአንዲት ልጅ እጅ ስናየው ደስ ብሎናል።

አንድ ቀን መምህርቷ ሔለንን ጥፍርሽ ቆሽሿል ብላ በጭራሮ ገረፈቻት። ያን ጠዋት የመታጠቢያው ውኃ በረዶ ሆኖ ስለነበረ ማንም አልታጠበም፤ ሔለን ግን ይህን አልተናገረችም። ጄን ተቆጣች፤ እኔ ብሆን ጭራሮውን ነጥቄ እሰብረው ነበር አለች። ለክፉዎች ሁልጊዜ ከታዘዝንላቸው ክፋታቸው እየባሰ ይሄዳል ብላም ተከራከረች። ሔለን በበኩሏ ክርስቶስ ጠላትን መውደድ እንዳስተማረ አስታወሰቻት።

ከሁለቱ ማንኛዋ ልክ ናት? ከመፍረዳችን በፊት የሔለን ምክር ምን እንዳፈራ እንመልከት። ጄን በሐሰት ውሸታም ተብላ በተማሪው ሁሉ ፊት በርጩማ ላይ በቆመች ጊዜ፥ ሔለን በአጠገቧ እያለፈች ዐይኗን አንሥታ ተመለከተቻት፤ ጄንም በዚያ በረታች። በኋላም ደጓ መምህርት ታሪኳን ስትጠይቃት፥ ጄን የሔለንን ምክር አስባ ያለ ምሬትና ያለ ማጋነን ተናገረች። ስለዚህም ታመነች። እንግዲህ የሔለን ትዕግሥት ጄንን ዝም አላሰኛትም፤ ይልቁንም እውነትን በሚታመን አኳኋን እንድትናገር አስተማራት።

ትዕግሥትን የሚሰብክ ሌላ ሰው ደግሞ በዚያው መጽሐፍ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቄስ ብሮክልኸርስት። ልጆቹ ያረረ ገንፎ ቀርቦላቸው መብላት ስላልቻሉ ዳቦና አይብ ቢሰጣቸው፥ ራብን መቻል ይማሩ እንጂ ብሎ ጥቅስ ጠቀሰ። የገዛ ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ ግን ከፋይና ሐር ለብሰው ገቡ! ቃሉ የሔለንን ይመስላል፤ ነገር ግን ሔለን የታገሠችው የራሷን ጅራፍ ነው፥ እርሱ ያዘዘው የሌላውን ራብ ነው። ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ መልሶ አልመታም፤ ስለ ምን እንደመታው ግን ጠየቀ።

ደመወዟ የተያዘባት የቤት ሠራተኛ እኅታችን ስታለቅስ «ቻይው፥ እግዚአብሔር ያያል» ብለን ስናሰናብታት የምንመስለው ሔለንን ነው ወይስ ብሮክልኸርስትን? ይህን እርስ በርሳችን እንጠያየቅ ዘንድ ይገባል። ሔለን ብትሆን ቢያንስ አብራት ትቀመጥ ነበር።

በሎውድ የተስቦ በሽታ ገብቶ ከ80ዎቹ ልጆች 45ቱ በአንድ ጊዜ ታመሙ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ትምህርት ቤቱ የተሻሻለው ከዚያ በኋላ ሕዝብ ጉዳዩን መርምሮ ነው።

ሔለን የተቀረጸችው ከደራሲዋ ታላቅ እኅት ከማሪያ ነው። ማሪያ የካህናት ሴቶች ልጆች ከሚማሩበት የካወን ብሪጅ ትምህርት ቤት ታማ ወጥታ በ1825 በ11 ዓመቷ ሞተች፤ ኤልሳቤጥ የተባለችው እኅቷም በዚያው ዓመት ተከተለቻት። ያን ጊዜ ሻርሎት የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ከ22 ዓመት በኋላ የእኅቷን ትዕግሥትም የትምህርት ቤቱንም በደል በአንድ መጽሐፍ ጻፈች፤ ያነበቡትም ትምህርት ቤቱን ለይተው ዐወቁት።