ጭምብል ያጠለቀ ፍትሕ

«ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» የተባለውን የባትማን ፊልም በዴንቨርና በኦሮራ የምንገኝ ስደተኞች እንደ ሌላው ተመልካች ልናየው አንችልም። ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት ሌሊት፣ ጁላይ 20 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የታጠቀ ሰው ኦሮራ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ተመልካቾችን ገደለ፤ 70 ያህል አቆሰለ። የነፍሰ ገዳዩን ጥፋት በፊልሙ ላይ አንጭንም። ፊልሙ የሚጠየቅበት የራሱ ጉዳይ አለው።

በክሪስቶፈር ኖላን የተዘጋጀው ይህ ሦስተኛ ክፍል የሚነሣው በሐሰት ላይ ከቆመ ሰላም ነው። ሃርቪ ዴንት የተባለው የጎተም ከተማ ዐቃቤ ሕግ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ የሞተ ሲሆን እንደ ሰማዕት ይከበራል፤ በስሙ በወጣው ሕግም ብዙዎች ታስረዋል። የፖሊስ አዛዡ ጎርደን እውነቱን ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ለከተማይቱ ደኅንነት ሲል ግን አያነበውም። እንዲህ ያለው ሰላም እንደማይጸና ማሳየቱ፣ በኛ አስተያየት፣ የፊልሙ ትልቁ ዋጋ ነው።

ነገር ግን ጽሑፉን ነጥቆ ለሕዝብ የሚያነበው ማን ነው? ቤን የተባለው ወንበዴ! እስር ቤቱን ይሰብራል፣ ከተማይቱን ለባለቤቶቿ መለስኩ ይላል፤ ዓላማው ግን በቦምብ ማጥፋት ነው። ድኻ ሲነሣ ወሮበላ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ሰፊው ሕዝብ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አዳኙም ጭምብል ያጠለቀ ባለጸጋ ነው። እዚህ ላይ ከአዘጋጁ ጋር እንጣላለን።

ሆኖም ሁሉም ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። በሕዝብ ስም የተሰየመ ችሎት፣ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀለት፣ ተከሳሹን ሞት ወይስ ስደት እያለ ያስመርጣል። ስደትን የመረጠው በቀጭን በረዶ ላይ እንዲራመድ ይገደድና ይሰምጣል። ይህን ትዕይንት በሳቅ የሚያልፈው አይጠፋም። በአብዮት ስም ቀይ ሽብር የታወጀበት አገር ልጆች ግን ወንበራችን ላይ ተሸማቀን ቀረን።

ቀይ ሽብር ደግሞ ከኛ ሩቅ አልነበረም። ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በኦገስት 2012፣ ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ዴንቨር ውስጥ ተያዘ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረው ይህ ሰው በሌላ ሰው ስም በስደተኛነት ገብቶ ዜግነት እስከ መውሰድ ደርሶ ነበር። በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ በሐበሻ ቡና ቤት አግኝቶት ለየው።

ያን ጊዜ ምን ይደረግ? ባትማን ቢሆን ሌሊት ጠብቆ ከጣራ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ከኛም መካከል ያ እስረኛ እጁን ቢያነሣ የሚፈርድበት አልነበረም። ጉዳዩ ግን ወደ ሕግ ሄደ። በ2013 የቀድሞ እስረኞች በዴንቨር ፍርድ ቤት መሰከሩ፤ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተበየነ።

የተቀጣው ግን ዋሽቶ ዜግነት በማግኘቱና የሌላውን ማንነት በመስረቁ ነው፤ ክሱ የግድያ አልነበረም። አንዳንድ ጓዶች ይህ የቢሮ ወረቀት ፍትሕ እንጂ የደም ፍትሕ አይደለም ይላሉ። እውነት አላቸው። የተቆጡበትንም አንነቅፍም። እኛ ግን ዓይናችን የሚያርፈው በምስክሮቹ ላይ ነው። ያለ ጭምብል፣ በስማቸው ተጠርተው፣ ከ35 ዓመት በኋላ ያ ሰው ፊት ቆሙ፤ ጎርደን በኪሱ አጥፎ ያስቀረውንም ዓይነት ቃል በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ።