የጠመዝማዛ ጎዳና ሠሪ ኃላፊነት

መንገድ ሰው ከሰው ጋር የገባው የመጀመሪያው ውል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀድሞ ያለፈው እግር ሣሩን ረግጦ የተወው ፈለግ፣ ኋላ ለሚመጣው «በዚህ በኩል ብትሄድ ትደርሳለህ» የሚል ያልተጻፈ ቃል ያስተላልፋል። መንገደኛውም ይህን ቃል አምኖ ይጓዛል። ታዲያ አንድ ሰው በቀጥታ ሊያደርስ የሚችለውን መንገድ ሆን ብሎ አጣሞ፣ አዙሮና ሸሽጎ ሲሠራ ውሉን ማፍረሱ ነውን? ወይስ በሌላ መልኩ ማጽናቱ? በጓሮው አትክልት መካከል ጠመዝማዛ መሄጃ የሚቀይስ ሰው ነገሩን እንደ ጨዋታ ይቆጥረው ይሆናል። ሆኖም ጥያቄው ጠለቅ ብሎ ሲመረመር የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ግሪኮች «ላቢሪንት» ብለው የሰየሙት ይህ ዓይነቱ ሥራ ዕድሜው ረጅም ነው። በግብፅ አገር በሃዋራ፣ በሣልሳዊ አመነምሃት ዘመን የተሠራውን ታላቅ ሕንፃ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገልጾት፣ ከፒራሚዶች እንኳ እንደሚልቅ መስክሮለታል። በፈረንሳይ አገር በሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተነጠፈው ክብ ጎዳና 13 ሜትር ያህል ስፋት አለው። በእንግሊዝ አገር በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተተከለው የቁጥቋጦ አጥር ደግሞ እስከ ዛሬ ጎብኚዎችን ያዞራል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ባሕርያቸው አንድ አይደለም። የሻርትሩ ጎዳና ቅርንጫፍ የለውም፤ ይጠማዘዛል፣ ወደ መካከሉ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ በመጨረሻ ግን የጸናውን ሁሉ ያደርሳል። የሃምፕተን ኮርቱ ግን መንታ መንገድና መውጫ የሌለው ጥግ አለው፤ የገባበትን ሰው ምረጥ ይለዋል፣ ቢሳሳትም ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ትዕግሥትን ሲፈትን ሁለተኛው ማስተዋልን ይፈትናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በላስታ ተራራማ ምድር፣ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚታወቁት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። የሻርትሩ ድንጋይ አንጣፊና የላስታው ድንጋይ ፈልፋይ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው ለማለት ይቻላል። አንዱ የሌላውን አገር ሳያውቅ፣ ሁለቱም ወደ ተቀደሰው ስፍራ የሚወስደውን መንገድ ቀጥተኛ ሊያደርጉት አልወደዱም።

አብያተ ክርስቲያናቱ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ በመሆናቸው ጎብኚው ከሩቅ አያያቸውም። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ መካከል የቆመ ስለሆነ፣ ሰው አፋፉ ላይ ካልደረሰ በስተቀር መኖሩን አያውቅም። ዮርዳኖስ የተባለው የተቆፈረ ወራጅ የሚለያቸው ሁለቱ ምድቦችም በየውስጣቸው በጠባብ ቦዮች፣ በደረጃዎችና በዋሻዎች የተያያዙ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቦዮቹ የሰው መተላለፊያ ብቻ ሳይሆኑ ተዳፋት ተሰጥቷቸው የክረምቱን ጎርፍ ከሕንፃዎቹ እግር ሥር የሚያስወግዱ ናቸው። ይኸውም የላስታው ባለሙያ መንገዱን ሲያዞር ያለ ምክንያት አላዞረውም ማለት ነው።

ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው የጨለማ ዋሻ ደግሞ በልማድ የሲኦል ምሳሌ ሆኖ ይታወቃል። የሚያልፍበት ሰው ዓይኑ አይረዳውም፤ እጁን ከግድግዳው ላይ አኑሮ በዳሰሳ ይራመዳል። ይህ የዳሰሳ ጉዞ ከሥነ ስሌት ሕግ ጋር ይገጥማል። በየትኛውም ጠመዝማዛ ግቢ ውስጥ ግድግዳዎቹ ሁሉ ከውጭው አጥር ጋር የተያያዙ እንደሆነ፣ ከመግቢያው ጀምሮ አንድ እጁን ከግድግዳው ሳያነሣ የሚሄድ ሰው ቢዘገይም መውጫ ያገኛል። ግድግዳው ከአጥሩ ተለይቶ በመካከል እንደ ደሴት ከቆመ ግን ይህ ዘዴ ወደ መካከሉ ላያደርሰው ይችላል። ስለዚህም ሠሪው በአንዲት የተቆረጠች ግድግዳ የተጓዡን ብቸኛ መተማመኛ ሊነጥቀው ይችላል። የኃላፊነቱም ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በግሪኮች ተረት ዴዳሎስ በቀርጤስ ደሴት ለንጉሥ ሚኖስ የሠራው ላቢሪንት ዓላማው ሰውን ማስጨነቅ ነበር። ከአቴና ተግዘው የሚመጡ ወጣቶች የሚገቡበት እንጂ የሚወጡበት አልነበረም። ቴሴዎስ የዳነው አርያድኔ በሰጠችው የክር ልቃቂት ነው። በኋላም ዴዳሎስ ራሱ ከልጁ ጋር በዚያው በእጁ ሥራ ውስጥ ታሰረ። ተረቱ የሚያስተምረው ግልጽ ነው፤ ሰውን ለማጥፋት የተጠመዘዘ መንገድ ሠሪውንም አይምርም።

የእኛ ባህል ግን ከዚህ የተለየ የመሸሸግ ጥበብ አለው። ሕፃናት «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። መልሱን ያላገኘ ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። መልስ የሌለው እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ልጅ አታላይ ይባላል እንጂ ብልህ አይባልም። እንደዚሁም ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሙ በሚጠራው በላስታ ጎረቤት በዋድላ፣ መምህሩ ወርቁን በሰም ሥር የሚሸሽገው ደቀ መዝሙሩ እንዲያጣው ሳይሆን ፈልጎ እንዲያገኘው ነው። ሰሙን የሠራ ሰው ወርቁን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዚህ በመነሣት የጠመዝማዛ ጎዳናን ሠሪ የምንመዝንባቸው ሦስት መለኪያዎች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የሚገባው ሰው በፈቃዱ የገባ ነውን? ሁለተኛ፣ መውጫ አለውን፣ ሠሪውስ ያውቀዋልን? ሦስተኛ፣ ተጓዡ ሲወጣ ከገባበት ጊዜ ይልቅ አንድ ነገር አትርፎ ይወጣልን? እነዚህን ሦስቱን ያሟላ ጎዳና የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ የመንገድን ውል አላፈረሰም። አንዱ የጎደለው ግን ጨዋታ መሆኑ ይቀርና በሰው ላይ ሥልጣን መያዣ ይሆናል።

አራተኛ መለኪያ ደግሞ ከምድሩ ከራሱ ይመጣል። ላስታ አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ የበዛ፣ ዝናቡ የማይታመን አገር ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ከሕዝቡ ትዝታ አልጠፋም። በእንዲህ ያለ አገር ለእህል የሚሆን መሬት ለመዞሪያ ማዋል ተገቢ ነውን? ጥያቄውን በስሌት እንመልከተው። ጥንታዊው ባለ 7 ዙር ጎዳና የሚነሣው ከመስቀል ምልክት ነው። መስቀል ይሠመርና በአራቱ ክፍት ቦታዎች አንዳንድ የማዕዘን ሠረዝ፣ በየጥጋቸውም አንዳንድ ነጥብ ይደረጋል። ከዚያም የመስቀሉ ራስ ከአጠገቡ ካለው ጫፍ ጋር በደጋን መስመር ይገናኛል፤ የቀሩትም ጫፎች ከግራና ከቀኝ እንዲሁ በተራ ይያያዛሉ። ይህን በችካልና በገመድ መሬት ላይ ማውረድ ይቻላል። መሄጃው ግማሽ ሜትር፣ በመሄጃዎቹ መካከል ያለው መደብም ግማሽ ሜትር ቢሆን የክቡ ወርድ 16 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱም 200 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ግማሹ መሄጃ ነው።

ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። መደቡ ላይ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ቢተከል፣ ዙሪያው ቅጠሉ ለጠላና ለጠጅ በሚሆን ጌሾ ቢታጠር እንኳ፣ ጓሮዋ የዓመቱን ቀለብ የምትሸፍን እናት ግማሽ መሬቷን ለውበት እንድትሰጥ ማንም ሊጠይቃት አይገባም። የጥንቶቹ ሰዎች ሥራ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። እነርሱ ጎዳናቸውን ያበጁት ማረሻ ከማይገባበት አለት ነው። በላስታም ከእርሻ የሚለቀም ድንጋይ ሞልቷል። ምንም በማይበቅልበት ጭንጫ ላይ በድንጋይ መስመር ብቻ ቢሠራ፣ መደብ ስለማይኖረው ለዚያው ባለ 7 ዙር ጎዳና 8 ሜትር ያህል ወርድ ይበቃዋል። ሕፃናት ይሮጡበታል፤ መምህር የክብንና የማዕዘንን ትምህርት በእግር ያስተምርበታል። የሰው ጉልበትም ዋጋ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። አፈ ታሪኩ የላሊበላን ሥራ መላእክት በሌሊት አገዙት ይላል፤ በአለቱ ላይ የሚታየው የመሣሪያ ምልክት ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ እጆችን ያስታውሰናል። ለጨዋታ የሚሠራ ጎዳና የሌላውን ሰው ጉልበት በግዴታ ሊጠይቅ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ከጓሮ አልፎ የሚሄድ ትርጉም አለው። ባለ ጉዳይ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚንከራተትበት ጽሕፈት ቤትም ጠመዝማዛ ግቢ ነው፤ ልዩነቱ የገባበት ሰው በፈቃዱ አለመግባቱ፣ መውጫውንም የሚያውቅለት አለማግኘቱ ነው። ተማሪው እንዳይገባው አድርጎ የሚያስተምር መምህር፣ ራሱ የማያውቀውን ምሥጢር የያዘ መስሎ የሚጽፍ ደራሲ፣ ግቡን ሳይናገር ሕዝብን ተከተሉኝ የሚል መሪ፣ ሁሉም የዴዳሎስ ባልደረቦች ናቸው። አስቸጋሪ ሥራ በራሱ ነውር የለበትም፤ ቅኔም አስቸጋሪ ነው። ነውሩ ችግሩን የፈጠረው ሰው ተጓዡን በጨለማ ጥሎ ሲሄድ ነው።

ስለሆነም ጎዳናን የሚያጣምም ሰው፣ በጓሮው ይሁን በመድረክ፣ በብራና ይሁን በወንበሩ፣ አስቀድሞ ራሱ ከመግቢያው እስከ መውጫው ሊሄድበት ይገባል። የላስታው ፈልፋይ ዋሻውን ሲቆፍር ከሁሉ በፊት በዚያ ጨለማ ውስጥ የቆመው እርሱ ራሱ ነበር። ኋላ የመጣው መንገደኛ እጁን የሚያሳርፍበት ግድግዳም በእርሱ እጅ የተጠረበ ነው።