ፈቃድና ደዌ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ኢጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በገደሉ ወገብ ላይ የሠሩትን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር፣ አዲአርቃይ ከመድረሱ በፊት ዛሪማን ያገኛል። ይህች ትንሽ ከተማ የተቀመጠችበት ስፍራ ስለ ሰው ፈቃድ ለሚያሰላስል ሁሉ ብዙ የሚነግር ስፍራ ነው፤ በአንድ ወገን ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በብሕትውና እንደ ፈጸመበት የሚነገርለት የሰሜን ተራራ ሲኖር፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ደግሞ መናንያኑ እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየተመገቡ የሚጋደሉበት የዋልድባ ገዳም አለ፤ በመካከል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ግን የጭነት መኪና ይመላለሳል፣ ሾፌርና ነጋዴ በሚያድርበት ከተማ ሁሉ እንደሚሆነውም ጫቱና አረቄው፣ ሲጋራውም ከእንግዳው ጋር አብሮ ይገባል።

በዚህ ጎዳና ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚማሩ ልጆች ያድጋሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በገጠር ሆነው፣ ገና በ15 ወይም በ16 ዓመታቸው በከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚኖሩ ናቸው፤ ቅዳሜ ወደ መንደራቸው ወጥተው ድርቆሽና በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመው እሑድ ማታ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ፣ ሌሊቱን ምን ሲሠሩ እንዳደሩ የሚጠይቃቸው፣ ፊታቸው ቢጠቁር ለምን ጠቆረ የሚላቸው አንድ ዐዋቂ ሰው የላቸውም። አባት ልጁን የላከው ለመልካም ነገር ነው፤ እናትም ከአፏ ነጥቃ ስንቁን አሰናድታለች፤ ነገር ግን ስንቅ ሆድን እንጂ ምሽትን አይሞላም፣ የብዙ ልጅ ጥፋትም የሚጀምረው መብራት ከጠፋ በኋላ ባለው በዚያ ረጅም ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ የፈተናው ፍርሃት ይጨመራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት የአገሪቱ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ውስጥ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ ይህን የሰማ የገጠር ልጅ በሩ እንደ ተዘጋበት ቢያስብ ሊፈረድበት አይገባም። የዚህ አካባቢ ልጅ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት በመንደሩ ሲያልፍ ያየ ነው። በመጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ሳለ እንቅልፍ የሚያባርርለት፣ ያየውን ለጥቂት ሰዓት የሚያስረሳው፣ በበርጫው ዙሪያም ወንድም የሚሆነው ሰው የሚያስገኝለት የጫት ቅጠል በጥቂት ብር ሲቀርብለት፣ ያን ቅጠል ለምን አነሣው ብሎ የሚደነቅ ሰው፣ ያ ልጅ ከዚያ ቀደም ምን እንደ ፈለገና እንዳጣ ያልጠየቀ ሰው ነው።

ወላጆችና መምህራን፣ ካህናትም ጭምር፣ በዚህ ነገር ላይ ሲነጋገሩ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ፤ በሱስ የተያዘው ልጅ ኃጥእ ነውን ወይስ ድውይ? ኃጥእ ነው የሚለው ወገን፣ እግዚአብሔር ለሰው ነፃ ፈቃድ እንደ ሰጠው፣ እሳትና ውኃንም በፊቱ አኑሮ እጁን ወደ ወደደው እንዲሰድ እንደ ተወው ያስታውሳል፤ ድውይ ነው የሚለው ደግሞ ልጁ ልተው ብሎ መማሉን፣ በማግሥቱም ሐራራው ሲነሣበት መሐላው እንደማይቆም ይመሰክራል። እኔ ግን ሁለቱም የአንዱን መንገድ ሁለት ምዕራፍ የሚናገሩ ይመስለኛል። አበው ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚፈጸም ሲያስተምሩ፣ ማር ይስሐቅና ፊልክስዩስ አረጋዊ መንፈሳዊም ያሉበት መጽሐፈ መነኮሳት ደግሞ ደጋግሞ የተሠራ ገቢር ልማድ፣ ልማድም እስራት እንደሚሆን በብዙ ምክር ያሳያል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የሚወደውን በጎ ነገር ሳይሆን የሚጠላውን ስለሚያደርግ ሰው ሲናገር የፈቃድን መቍሰል ገልጿል። እንግዲህ በመጀመሪያይቱ ምሽት ልጁ ፈቃዱ ሙሉ ነበር፤ በመቶኛይቱ ምሽት ግን ፈቃዱ ራሱ የታመመው ሕዋስ ሆኗል፤ የታመመውን ሕዋስ ራስህን አድን ብሎ ማዘዝ ደግሞ ሐኪም የሚሠራው ሥራ አይደለም።

የሥጋ ሐኪሞች የደረሱበት ምርምርም ከዚህ አይርቅም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከእርጥብ የጫት ቅጠል ውስጥ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር፣ ከአምፌታሚን ጋር የተዛመደ ብርቱ አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነጋዴው ጫቱን በሌሊት ያጣድፈዋል። ምርቃናው ሲበርድ ሐዘንና መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣትም ይከተላል፤ ይህን ለማስታገሥ ጨብሲ ተብሎ አረቄ ወይም ቢራ ይጠጣል፣ እንዲህም አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሁለት ሰንሰለት በአንድ እግር ላይ ይታሰራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ የሚሆኑት የሚጀምሩት ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ ቸኩሎ ከመሥራት የሚያግደውና ፍዳን አስቀድሞ የሚያሳስበው የአንጎል ክፍልም እስከ 20ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ ገና በመብሰል ላይ ነው። ስለዚህ በ16 ዓመቱ ብቻውን በክፍል የተቀመጠው ልጅ የሚዋጋው ገና ተሠርቶ ባላለቀ ጦር ነው።

ጫት በአገራችን ጽሑፍ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ተመዝግቧል፤ በ16ኛው መቶ ዘመንም የመካው ሊቅ ኢብን ሐጀር አል ሃይተሚ ስለዚሁ ቅጠል የጻፉት መጽሐፍ አለ፤ ይህን የማነሣው ጥያቄው የአንድ ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን በተመለከተ አንድ ጭንቀት እንዳለው ለማስታወስ ነው። ስለ መከልከልም ቢሆን የቆየ ልማድ አለን፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን ከልክለው በአጫሹ ላይ ከባድ ቅጣት እንዳኖሩ ይታወሳል፤ በዘመናችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ለልጅ ሲጋራ በነጠላ የሚሸጠውን ሰው እንዲያስፈራ በብርቱ ሊሠራበትም ይገባል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው እስከ ሻጩ ደጃፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የልጁን ክፍል የሚያንኳኳ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ይህም ምን እንደሚመስል ለማየት ዋልድባን እናስተውል። ብዙ ሰው ስለ ዋልድባ ሲያወራ የሚደነቀው መነኮሳቱ በተዉት ነገር፣ በእህሉ መቅረት ነው፤ ለእኔ ግን ይልቁን የሚያስደንቀኝ የተዉትን ነገር ስፍራ የሞላው ሥርዓት ነው። ወደ ገዳም የገባ ወጣኒ አትብላ ተብሎ ለብቻው በዋሻ አይጣልም፤ አመክሮ አለው፣ የሚያገለግለው አረጋዊ አለው፣ የጸሎት ሰዓትና የእጅ ሥራ፣ አብሮት የሚጾም ማኅበርም አለው፤ የመጣበትን ክፉ ኀሊና ሳይውል ሳያድር የሚነግረው አባት አለው። ጌታም በወንጌል ርኩስ መንፈስ ከወጣለት በኋላ ተጠርጎና አጊጦ ባዶውን ስለ ቆየ ቤት፣ ሰባት የከፉ እንግዶች ስለ ገቡበትም ቤት ሲናገር፣ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ አስጠንቅቋል። እኛ ግን ለተማሪው በሰልፍ ላይ ጫት አትቃም፣ አትጠጣ፣ አታጭስ እንልና ወደ ባዶ ክፍሉ እንመልሰዋለን፤ መነኵሴው እንኳ ያለ አባትና ያለ ማኅበር የማይችለውን ተጋድሎ ልጁ ብቻውን እንዲፈጽም እንጠብቃለን። በምሽት ለሁለት ሰዓት መብራት በርቶበት የሚከፈት የጥናት ክፍል፣ አንድ መምህርም በዚያ ሲቀመጥበት፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ለዚህ ልጅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ኳሱ፣ ሚኒ ሚዲያው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱና መዝሙሩም እንዲሁ ለመዝናናት ብቻ የተፈቀዱ ተደርገው ሊታዩ አይገባም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ትውፊት የማያውቅ ልጅ በዚህ አገር የለም፤ ትምህርት እንቢ ብሎት፣ በመምህሩ በጌዴዎን ተገርፎ ሲሸሽ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፣ ተመለሰም። መምህራን ይህን ታሪክ ለሰነፍ ተማሪ ሲነግሩ ትሏን ያጎላሉ፣ ልጁ በራሱ ብርታት እንዲነሣ ለማትጋት። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርለትን ጌዴዎንን አስባለሁ፤ ያሬድ ሲመለስ በሩን ባይከፍትለት፣ የሸሸህ ነህ ብሎ ቢያሳፍረው፣ የዛፉ ሥር ትምህርት ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። ስለዚህ ተማሪን ጫት ሲቅም ወይም ጠጥቶ ሲገኝ በመጀመሪያው ጊዜ ከትምህርት ቤት ማባረርን እቃወማለሁ፤ የተባረረው ልጅ ማግሥቱን የሚውልበት ቤት የትኛው እንደ ሆነ የማያውቅ የለምና።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን፣ ስለ ምእመናኑም፣ እውነቱን መናገር ይገባናል። በማኅበሩና በዝክሩ ላይ ጠላው ሲቀዳ ብርጭቆውን ለልጅ የሚሰጥ ዘመድ አይጠፋም፤ በበዓልም ቀን ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን ዳግም አረቄ ለወጣት ማቅመስ እንደ ፍቅር ይቈጠራል። ልጁ በቤታችን የተማረውን በኪራይ ክፍሉ ቢደግመው፣ ከመንገደኛው ይልቅ እኛ ቀድመን አስተምረነዋል።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ደዌ የሚሆን ጥንታዊ መድኃኒት አላት፤ የንስሐ አባት ነው። የንስሐ አባት የሰማውን ይሰውራል፣ እንደ ቍስሉ መጠን ቀኖና ይሰጣል፣ ልጁ ቢወድቅም ዳግመኛ ይቀበለዋል፤ ይህ የሐኪም ጠባይ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ፣ ምሥጢርን የሚጠብቅ አንድ ዐዋቂ፣ በየትምህርት ቤቱም ሊኖር ይገባል፤ ልጁ መናገርን የሚፈራው ወላጅ ይጠራብኛል፣ እባረራለሁ ብሎ ነውና። ደዌው ጠልቆ ሲገኝ፣ ልጁ እንቅልፍ አጥቶ፣ የሌለ ድምፅ እየሰማ፣ ወይም መኖርን ጠልቶ ሲገኝ ግን የወዳጅ ጆሮ ብቻ አይበቃም። ወላጆች በዚህ ጊዜ አስቀድመው ወደ ጸበል ይወስዱታል፤ መውሰዳቸውም መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን አስተምሮናል፤ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተውና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎንደሩ ተቋምም የአእምሮ ሐኪሞች የሚሠሩበት ሆስፒታል አለው። ከሊማሊሞ በታች ያለ ቤተሰብ ልጁን ያን ያህል መንገድ ይዞ ለመውጣት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ይፈልጋል፤ ያም ፈቃድ የሚገኘው ከካህኑ አፍ ነው። በጸበሉ እየተጠመቀ የሐኪሙን መድኃኒት ቢወስድ ከእምነት እንዳልጎደለ፣ የዛሪማና የአካባቢዋ ካህናት በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው በግልጥ እንዲናገሩለት እለምናለሁ።