ሳይሹት የተያዘ ዓሣ

ሰው ከእግዚአብሔር የሚለምነውን ያውቃል፤ የሚሰጠውን ግን አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ ያልለመነው ነገር፣ ያውም እየታገለው በእጁ በገባ ጊዜ፣ «ይህ መከራ ነውን ወይስ ስጦታ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገሩ እንዲገለጥልን ከዓሣ አጥማጅ ሥራ ምሳሌ እንውሰድ።

በአውሮጳ አገር ከተራራ በሚወርዱ ወንዞች ትራውት የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ይወዳልና አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በወንዙ የላይኛው ክፍል ነው። ወንዙ ወደ ሜዳ ወርዶ ሲሰፋ ደግሞ ባርቤል የተባለ፣ በአፉ ዙሪያ አራት ጢም ያለው ብርቱ ዓሣ ይገኛል። የሁለቱ ስፍራ በአጥር የተለየ አይደለምና፣ ትራውት የሚሻው ሰው አንዳንድ ጊዜ ባርቤል ይያዝበታል። ያን ጊዜ ቀጭኑ ክር ይወጠራል፤ ዓሣው ወደ ወንዙ ወለል ይሰምጣል፤ የውሃውንም ኀይል ረዳት አድርጎ ይጐትታል፤ የአጥማጁም ክንድ ይዝላል።

በዚህ ጊዜ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እኔ የፈለግሁት ይህን አይደለም» ብሎ ተቈጥቶ ክሩን ይቈርጣል፤ መንጠቆውም በዓሣው አፍ ተተክሎ ይቀራል። ሁለተኛው ግን ታግሦ ይይዛል፤ ምን እንደ ሆነ ሳያይም አይፈርድም።

ይህ ነገር በቅዱስ መጽሐፍ ምስክር አለው። ጦብያ ወደ ጤግሮስ ወንዝ የወረደው ሊታጠብ እንጂ ዓሣ ሊያጠምድ አልነበረም። ትልቅ ዓሣ ከውሃው ወጥቶ ሊውጠው በተነሣ ጊዜ ቅዱስ ሩፋኤል እንዲይዘው አዘዘው እንጂ እንዲሸሽ አልነገረውም። ያ የሚያስፈራ ዓሣ ልቡና ጉበቱ ከሣራ ጋኔን ማራቂያ፣ ሐሞቱም የአባቱ የጦቢት ዐይን ማብሪያ ሆነ። መድኃኒቱ ከሚታገለው፣ ያውም ከመራራው ክፍል መገኘቱን ልብ ይሏል።

ነገር ግን የታገለን ሁሉ ስጦታ ነው ማለት አይገባም። የባርቤል ሥጋው ይበላል፤ እንቍላሉ ግን የበላውን ሰው ያሳምማል። ጦብያም ከዓሣው የትኛውን እንደሚያኖር የተማረው ከመልአኩ ነው። እንግዲህ መያዝ የትዕግሥት፣ መለየት ግን የምክር ሥራ ነው። ስለ ሆነም ያልታሰበ ነገር የገጠመው ምእመን የንስሐ አባቱን ሳይጠይቅ አይጣለው፤ ሳይጠይቅም አይዋጠው።

መምህራንም ይህን እናስብ። ጸጥተኛ ደቀ መዝሙር ስንመኝ፣ ጥያቄ የሚያበዛና በትርጓሜው ሁሉ የሚከራከር ተማሪ ይመጣብናል። ክሩን ቈርጠን ብናባርረው ቍስሉን ይዞ ይሄዳል። ብንታገሠው ግን ያ ክርክሩ ራሱ ጉባኤውን የሚያቀና፣ በኋላም ወንበሩን የሚወርስ መምህር ሊያደርገው ይችላል።

ልናቆየው የማይገባን ሆኖ ብናገኘው እንኳ ስንብቱ በርኅራኄ ይሁን። አስተዋይ አጥማጅ የሚለቀውን ዓሣ በረጠበ እጅ ይይዘዋል፤ በትግሉ የደከመው እስኪበረታ ድረስም ራሱን ወደ ወንዙ መምጫ አቅንቶ በውሃው ውስጥ ይደግፈዋል እንጂ አይወረውረውም። እኛ ስላልፈለግነው የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑ አይቀርምና።

ለምነን ያገኘነውን በምስጋና፣ ሳንለምን የመጣውን በማስተዋል እንድንቀበል የአምላካችን ቸርነት ይርዳን። አሜን።