እንቅልፍ ስላጣ ሰው

ሰው በብርቱ ጥረት ከሚያገኛቸው ነገሮች መካከል እንቅልፍ አይቈጠርም። እህል የሚሻ ሰው በሬውን ጠምዶ ያርሳል፤ ዕውቀት የሚሻ መጽሐፉን ገልጦ ይማራል፤ ገንዘብ የሚሻም ወጥቶ ወርዶ ይነግዳል። እንቅልፍን ግን በጕልበት እይዛለሁ የሚል ሰው ይበልጥ ያባርረዋል። «ልተኛ፣ ልተኛ» ባለ ቍጥር ዓይኑ ይፈጣል፤ ትራሱን ባገላበጠ ቍጥር ሐሳቡ ይገላበጣል። እንቅልፍ የሚመጣው ሰው መታገሉን በተወ ጊዜ ነው። በመጽሐፈ አስቴር የተነገረለት ንጉሥ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ የነገሠ ነበር፤ ዳሩ ግን አንድ ሌሊት እንቅልፍ በሸሸው ጊዜ ያን ሁሉ አገር የሚያዝ አፉ የገዛ ዓይኑን ሊያዝ አልቻለም።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰው በፈቃዱ ባላመጣው፣ በፈቃዱም ሊያስወግደው በማይችለው ነገር ምክንያት በቀን ቢቈጣ፣ ቢረሳ፣ ሥራውን ቢያበላሽ ተጠያቂ ይሆናልን? እኛስ ሌሊቱን ሳናውቅ ቀኑን ብቻ አይተን ልንፈርድበት ይገባናልን?

አስቀድመን ሁለት ዓይነት መንቃት እንዳለ እንለይ። አንደኛው ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ሌሊት ነው። እኔ በምኖርበት በመርሳ ዙሪያ ማሽላው ፍሬ በያዘ ጊዜ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ አዝመራውን ከከርከሮና ከጃርት ሲጠብቅ ያድራል። ካህናት ማኅሌት ቆመው ያነጋሉ፤ ሙስሊሞች በረመዳን ሌሊት ለሶላት ይቆማሉ፤ እናት የታመመ ልጅዋን ታቅፋ ሳትተኛ ታድራለች። እነዚህ ሁሉ በማግሥቱ ሰውነታቸው ይዝላል፤ ልባቸው ግን አይዝልም፤ ሌሊታቸውን ለምን እንደ ሰጡት ያውቃሉና።

ሁለተኛው ሌሊቱን የተቀማ ሰው ነው። እርሱ የሚጠብቀው አዝመራ የለውም፤ የሚቆምለት ጸሎት የለውም፤ ሌሊቱን ከፍሎ የሚገዛው ነገር የለም። ቤተ ሰቡ በሙሉ ተኝቶ እርሱ ብቻ ነቅቶ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ድምፅ ይቈጥራል። ቀን ትንሽ የነበረው ነገር ሁሉ በጨለማ ይገዝፍበታል። የሁለት ሺሕ ብር ዕዳ ተራራ ይሆናል፤ ወዳጁ ሳያስብ የተናገራት አንዲት ቃል ጠላትነት ትመስለዋለች። በቀን ቢሆን ሽማግሌ ያማክር፣ ሥራ ይሠራ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቡና ይጠጣ ነበር፤ በሌሊት ግን ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም እርሱ ራሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሸንጎ ደግሞ ቸር ፍርድ ፈርዶ አያውቅም። ጥቂት ቆይቶም የመጀመሪያው ጭንቀት ይቀርና «ዛሬም ሳልተኛ ልነጋ ነው» የሚለው ፍርሃት በቦታው ይተካል። ይህ ነገር በሳምንት ሦስት ሌሊት እየተመላለሰ ሦስት ወር የቆየ እንደ ሆነ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ይሉታል።

ሌሊቱ ሲነጋ መከራው የሚያበቃ አይምሰላችሁ። የሌሊት ዕዳ የሚከፈለው በቀን ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የያዘውን ቍልፍ ይፈልጋል፤ የጀመረውን ንግግር ይረሳል፤ በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ በሌላ ቀን የሚያስቀው ቀልድ ያስለቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 24 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው በሙከራው ላይ ያሳየው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.10 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የተስተካከለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሳይተኛ አድሮ መሪ የሚጨብጥ ሹፌር አንድ ብርሌ ጠጅ ሳይቀምስ እንደ ሰከረ ሆኖ ይነዳል ማለት ነው። ልዩነቱ የሰካራም አፉ ይሸታል፤ ያልተኛ ሰው ግን አይሸትም። ስለዚህ ሰካራሙን እንሸሸዋለን፤ እንቅልፍ ያጣውን ግን «ምን ዓይነት ክፉ ጠባይ ነው!» ብለን እንወቅሰዋለን።

ይህ ወቀሳ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በአገራችን ያየነው ነገር ያስረዳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ የዘለቀው ጦርነት ወልድያንና መርሳን አዳርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየ። የተኩሱ ድምፅ ከከተማው ከራቀ በኋላም ከብዙ ሰው ጆሮ አልወጣም ነበር። በዚያ ዘመን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ እያንቀላፋ መምህሩን ስላስቸገረ ሰነፍ ተብሎ ቆሞ እንዲማር ተደረገ። እናቱ መጥታ እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም። ጎማ በፈነዳ ቍጥር ከመኝታው ይዘላል። ሌሊቱን በሙሉ በሩን ሲያይ አድሮ የሚያሸልበው ዶሮ ሲጮህ ነው።» መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማስቆም ትቶ፣ ጧት ጧት ከበሩ ላይ «እንዴት አደርክ?» እያለ ይጠይቀው ጀመር፤ ጠይቆም እስኪመልስለት ይጠብቀው ነበር። የልጁ እንቅልፍ ወዲያው አልተመለሰም። ነገር ግን በሌሊቱ ፍርሃት ላይ የቀኑ ውርደት መጨመሩ ቀረ፤ ይህም ለአንድ ሕፃን ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ሰው ተነሥቶ «እንዲህ ከሆነ ጥፋተኛ የሚባል አይኖርም፤ ሁሉም ሌሊቱን እያመካኘ ያመልጣል» ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ሌሊት ምክንያት ይሆናል እንጂ ፈቃድ አይሆንም። ሳይተኛ ማደሩን እያወቀ ሰው አሳፍሮ የሚነዳው ሹፌር የሚጠየቀው እንቅልፍ በማጣቱ አይደለም፤ ማጣቱን እያወቀ መንዳቱ ነው። በትዳር ጓደኛው ላይ የሚጮኸውም ሰው በድካሙ አይወቀስም፤ «እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርሁት፤ ዛሬ ቃሌ ቢከፋ ታገሺኝ» ብሎ አስቀድሞ አለመናገሩ ግን ያስወቅሰዋል። እንቅልፍ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ እንግዳውን ጎትቶ ሊያመጣው አይችልም፤ ቤቱን መጥረግና በሩን መክፈት ግን የእርሱ ፈንታ ነው።

ቤቱን መጥረግ ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ከጠጣነው ቡና የሚያነቃው ኃይል እኩሌታ ያህሉ በምሽቱ ሦስት ሰዓት ገና ከሰውነታችን አልወጣም። ለፈተና ሲሉ ሌሊቱን በጫት የሚገፉ ተማሪዎችም የነገውን ዕውቀት አራጣ ከሚያስከፍል አበዳሪ እንደ ተበደሩ ይወቁት፤ ያነበቡትን በአእምሮ የሚያጸናው እንቅልፍ ራሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት አስቀድሞ የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። በዚህ ሕክምና ሰው ቢተኛም ባይተኛም ጧት በአንድ ሰዓት ላይ መነሣትን ይለምዳል፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለውም በአልጋው ላይ ከመታገል ተነሥቶ በጸጥታ ተቀምጦ ይቆይና እንቅልፉ ሲመጣ ይመለሳል። መከራው ከበረታ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ጎረቤት የነገረውን ክኒን ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

ዳሩ ግን ከእንቅልፍ አጦች ብዙዎቹ ሌሊታቸውን የተቀሙት በሌላ ሰው እጅ ነው። ሰክሮ የሚገባ ባል የሚስቱንና የልጆቹን ሌሊት ይሰርቃል። ባለዕዳውን በአደባባይ የሚያዋርድ አበዳሪ ከገንዘቡ በላይ የሰውየውን እንቅልፍ ይወስዳል። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሠራተኛ ላይ የሚጭን ጌታም እንዲሁ ነው። ጦርነት የሚለኩሱ ሰዎችማ የአንድ አገር ሕዝብ በሙሉ ሌሊቱን ይቀማሉ። የተሰረቀ በሬ በምስክር ይመለሳል፤ የተሰረቀ ሌሊት ግን ምስክርም የለው፤ ስለዚህ ሌባው ሳይከሰስ ይኖራል።

ቋንቋችን ይህን ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ጠንቅቆ ያወቀው ይመስለኛል። የሰውን መተዳደሪያ የሚጠራው በቀን በሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ሠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ነው፦ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር እንላለን። መኖርን ማደር ብሎ መጥራት፣ የሰው የቀን ድካም ፍጻሜ በሰላም ተኝቶ መንጋት መሆኑን መመስከር ነው። ጧት ስንገናኝም አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ሀብት ወይም ስለ ሹመት አይደለም፤ ስለ ሌሊቱ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ይህች ሰላምታ ከአፍ ልማድ በላይ ትሁንላችሁ። ብዙ ጊዜ «እንዴት አደርክ?» ብለን መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን፤ ተጠያቂውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ የሌሊቱን ነገር በሆዱ ይዞ ያልፋል። ፊቱ የጠቈረ፣ ቃሉ የሻከረ ሰው ባጋጠማችሁ ጊዜ ከመፍረዳችሁ በፊት ጥያቄዋን ደግማችሁ ጠይቁት፤ ጠይቃችሁም ቁሙለት። እንቅልፉን ልትሰጡት አትችሉም። ብቻውን በነቃበት ሸንጎ ውስጥ ግን አንድ ሰው እንዳሰበው ቢያውቅ፣ የሚመጣው ሌሊት ጥቂት ሊያጥርለት ይችላል።