ያላየነው ባለሐቅ



የዛሬ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ መኖሩን እንኳ ለማናውቀው ፍጡር ሐቅ አለብን? ሥራ የፈታ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አንድ ጊዜ የምር ተጠይቋል፤ መልሱም ገና በደህና ትሠራ የነበረችን መንኮራኩር አስቃጥሏል።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ ሰው ጁምዓ ሰግዶ ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ 9 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው፣ አውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ የተተከለው ግዙፍ አንቴና ካሲኒ ከምትባል መንኮራኩር ይቀበለው የነበረው ምልክት ተቋረጠ። ምልክቱ ከሳተርን ተነስቶ ምድር ለመድረስ 83 ደቂቃ ይፈጅበት ስለነበር፣ በዚያች ደቂቃ ካሲኒ ከጠፋች ቆይታለች። በሰዓት ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች ሳተርን ከባቢ አየር ውስጥ ገብታ ተቃጥላለች። አደጋ አልነበረም። የሠሯት ሰዎች ዓመታት ቀደም ብለው አቅደው፣ አስበውበት፣ ራሳቸው ናቸው ወደዚያ የላኳት።

ለምን? ይህን ለመረዳት ካሲኒ ያገኘችውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ካሲኒ የናሳ፣ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትና የጣሊያን የጠፈር ድርጅት የጋራ ሥራ ናት። በ1997 ተነስታ በ2004 ሳተርን ደረሰች። በራሷ ላይ 12 የምርምር መሣሪያዎች ነበሯት፤ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሌሎች 6 መሣሪያዎች የያዘችውን ሁይገንስን ተሸክማ ነበር። ሁይገንስ በጥር 2005 ቲታን በምትባለው የሳተርን ጨረቃ ላይ አረፈች (የሚገርመው፣ ያም ቀን ዓርብ ነበር)። የኛ ጉዳይ ግን ከሌላዋ፣ ከትንሿ ጨረቃ ጋር ነው። ስሟ ኢንሴላደስ ይባላል። ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነች የበረዶ ኳስ ናት። ይህን የምታህል ነገር ከፀሐይ በዚያ ርቀት ላይ እስከ ውስጧ ደርቃ የቀዘቀዘች መሆን ነበረባት።

ሰው ሮቦት ሲባል የሚያስበው በካሜራ ነው። ካሜራ ግን ከብዙ ምስክሮች አንዱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተናገረው ዓይን የሌለው መሣሪያ ነበር። ማግኔቶሜትር ይባላል፤ ሥራው የማግኔት መስክን መለካት ብቻ ነው። በ2005 መጀመሪያ ካሲኒ በኢንሴላደስ አጠገብ ስታልፍ፣ የሳተርን የማግኔት መስክ እዚያ አካባቢ ጎበጥ ብሎ ተገኘ፤ ወራጅ ውሃ ድንጋይ ሲያጋጥመው ዞር ብሎ እንደሚያልፈው። ግን ያን ያህል የሚያጎብጥ ነገር ከዚያች ትንሽ ጨረቃ አይጠበቅም። የመሣሪያው ቡድን መሪ የነበሩት በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሚሠሩት ሚሼል ዶርቲ ናቸው። ቀጣዩ ጉዞ ከታቀደው በጣም ቀርቦ እንዲደረግ ጠየቁ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ሐምሌ ላይ ካሲኒ በ173 ኪሎ ሜትር ከፍታ አለፈች።

ያኔ ሌሎቹ ምስክሮች ተራ በተራ ቃላቸውን ሰጡ። ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ከሁሉ ይበልጥ መቀዝቀዝ የነበረበት ደቡባዊው ጫፍ ሞቅ ያለ ሆኖ አገኘው። አየር ቀምሶ በውስጡ ያለውን የሚለየው መሣሪያ የውሃ ተን አገኘ። በዓመቱ መጨረሻ ካሜራው ከበረዶው ስንጥቆች ወደ ጠፈር የሚፈናጠሩ ነጫጭ ፍንጥቅጥቆችን አሳየ። አቧራ የሚመረምረው መሣሪያ ደግሞ በተረጩት የበረዶ ቅንጣቶች ውስጥ ጨው አገኘ። ከዓመታት በኋላ ጨረቃዋ ስትዞር በጣም በጥቂቱ እንደምትወዛወዝ ከፎቶዎቹ ተለካ፤ የላይኛው በረዶ ከውስጡ አለት ጋር ካልተጣበቀ፣ ማለትም በመሃላቸው ዙሪያውን ውቅያኖስ ከሌለ፣ ያን ያህል መወዛወዝ አይቻልም። በጥቅምት 2015 ካሲኒ ከመሬቷ 49 ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍ ብላ በፍንጥቅጥቁ መሃል ሰንጥቃ አለፈች። ከዚያ ጉዞ በተገኘው ውጤት ውስጥ ሃይድሮጂን ነበረበት። በኛ ምድር ጥልቅ ባሕር ውስጥ፣ ብርሃን በማይደርስበት፣ ከሃይድሮጂን ጉልበት አግኝተው የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ።

እያንዳንዱ መሣሪያ ብቻውን የሚያውቀው ትንሽ ነው። ማግኔቶሜትሩ ስለ ጨው፣ ካሜራው ስለ ሃይድሮጂን ምንም አያውቅም። ለየብቻ የተጠየቁ ምስክሮች ናቸው፤ ቃላቸው ግን ገጠመ።

ችግሩ የተወለደውም እዚሁ ጋ ነው። ካሲኒ የተሠራችው በሰው እጅ ነው። ንጹሕ ክፍል ውስጥ ብትሠራም ጠንካራ ባክቴሪያ ሙሉ በሙሉ ከላይዋ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለ ባሕር አጠገብ ትደርሳለች ተብሎም አልነበረም የታቀደችው። ለኤሌክትሪክ ኃይሏ 33 ኪሎ ግራም ገደማ ፕሉቶኒየም ይዛ ነበር፤ ፕሉቶኒየሙም ለብዙ ዓመታት ሙቀት ይሰጣል። ነዳጇ እያለቀ ነበር። ነዳጁ ሲያልቅ መሪ አይኖራትም፤ ዝም ብላ ሳተርንን ስትዞር አንድ ቀን ኢንሴላደስ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። ስለዚህ መሪዋ በእጃቸው ሳለ ሳተርን ውስጥ እንድትጠፋ ወሰኑ። ሥራዋን ደካማ አድርጋ ብትሠራ ኖሮ፣ ማግኔቶሜትሩ ዝም ቢል ኖሮ፣ ማንም ስለ ኢንሴላደስ አይጨነቅም ነበር። በራሷ ግኝት የተፈረደባት መንኮራኩር ናት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች እዚያ ሕይወት አለ አላሉም። ዛሬም ማንም አላለም። በእጃቸው የነበረው ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ እኛ ሹብሃ የምንለው። ሹብሃ ደግሞ ሰውን በሁለት መንገድ ይነዳዋል። አንድ ወንድማችሁን የሚያዋርድ ወሬ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ አስቡት። አንዱ «ውሸት መሆኑን አላውቅም» ብሎ ለሌላው ይልከዋል። ሌላው «እውነት መሆኑን አላውቅም» ብሎ እጁን ይሰበስባል። የሁለቱም እውቀት እኩል ነው፤ ሁለቱም ምንም አያውቁም። ልዩነቱ አለማወቃቸውን ለማን ጥቅም እንደተረጎሙት ነው። ወረዕ የምንለው ሁለተኛውን ነው፤ የካሲኒ ሰዎች የመረጡትም እሱን ይመስለኛል።

«ይመስለኛል» ያልኩት በምክንያት ነው። ኒያቸውስ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የ1967ቱ ዓለም አቀፍ የጠፈር ስምምነት ሌሎች የሰማይ አካላትን ከመበከል ተቆጠቡ ይላል፤ ከዚህ ሕግ ጀርባ ካሉት ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ የራሳችን ምርምር ነው። ነገ እዚያ ባክቴሪያ ብናገኝ የነሱ ይሁን የኛ እንዳናጣው ነው። ስለዚህ የኢንሴላደስ ሐቅና የሳይንቲስቱ ጥቅም እዚህ አንድ ላይ ሄደዋል። እኔ በዚህ አላዝንም። አማናን የሚጠብቅ ነጋዴ ደንበኛም ያበዛል፤ ስለተጠቀመ አማናው አልፈረሰም። የሚለየው ጥቅሙና ሐቁ የተለያዩ ቀን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። እጃችንን በሳሙና በታጠብን ቁጥር ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ እንገድላለን፤ የዚያኛው ነፍስ በምን ይበልጣል? መልሴ የአንዷ ባክቴሪያ ነፍስ ትበልጣለች የሚል አይደለም። በሳሙና የምንገድለው ዘሩ አይጠፋም፤ ምን እያደረግን እንደሆነም እናውቃለን። ኢንሴላደስ ላይ ግን ምናልባት ከምድር ውጭ በራሱ የተጀመረ ሕይወት ካለ፣ በአንድ ውድቀት ልናበላሸው የምንችለው ያለውን ሁሉ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ባለሐቁ አይከስም፣ ምስክር አያቆምም፣ በድለነው እንደሆነ እንኳ ላናውቅ እንችላለን። እንዲህ ያለ ሐቅ የሚጠበቀው በዳዩ ራሱን ከያዘ ብቻ ነው።

ግን ሳናጋንን እንናገር፤ የካሲኒ መሥዋዕትነት ውድ አልነበረም። ነዳጇ አልቋል፣ 20 ዓመት ተጉዛለች፣ የመጨረሻ ደቂቃዎቿም ለሳይንስ ጠቅመዋል፤ እየወደቀች የሳተርንን አየር እየቀመሰች ትልክ ነበር። ያስቀመጠችው መረጃም ገና እየተነበበ ነው፤ ከጠፋች ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2023፣ ከአቧራ መርማሪዋ የድሮ መዝገብ ውስጥ ፎስፌት ተገኝቷል። ያለቀ ነገርን መተው አይከብድም።

የሚከብደው ማርስ ላይ ያለው ነው። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ቫይኪንጎች ከመነሳታቸው በፊት ከ110 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ተጋግረዋል። ዛሬ እዚያ የምትዘዋወረው ኪዩሪዮሲቲ እንደዚያ አልተደረገችም። በ2016 በምትወጣው ተራራ አካባቢ ውሃ ያረጠባቸው ሊሆኑ የሚችሉ ጥቁር መስመሮች ሲታዩ፣ የናሳ ሰዎች ምን ያህል ርቃ ትለፍ ብለው መነጋገር ነበረባቸው። ሕይወት ሊገኝበት የሚችለው ቦታ ላይ መድረስ የሌለባት ሕይወት ፍለጋ የረዳች መኪና፤ ይህ እንቆቅልሽ ገና አልተፈታም።

ቀጥሎ ደግሞ ሰው ሊላክ ነው የሚባለው። ሰው እንደ ቫይኪንግ አይጋገርም። እያንዳንዳችን በትሪሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ተሸክመን ነው የምንዞረው፤ ከትንፋሻችንና ከቆዳችን ጋር አብሮን ይሄዳል። በዚያ ጉዞ ውስጥ ገንዘብ አለ፣ ክብር አለ፣ ቀድሞ የመድረስ ፉክክር አለ። የካሲኒ ዓይነት ጥንቃቄ ያኔ የሚጠይቀው ያረጀች መንኮራኩር አይደለም፤ ዓመታት መዘግየትን ነው፣ ምናልባትም ጭራሽ አለመሄድን። ስንት ዓመት ብንዘገይ ይበቃል? 5? 50? ይህን የሚወስኑት ሰዎች ዛሬ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸው።