የጎጆው ሕግና የወፎች መናፈሻ

ወፍን በአጥር ውስጥ አኑሮ ለሕፃናት ማሳየት፣ ዓላማው ዘሯን ከጥፋት ማዳን ቢሆንም እንኳ፣ ተገቢ መሆኑን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የሚገኘውን የጎጆ ሕግ ቢያጤን ይጠቀማል፤ ሕጉ በመንገዱ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን እንዲወስድ ሲፈቅድ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ያዝዛልና። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋ ማይሞኒደስ ምክንያቱን በርኅራኄ ሲያስረዳ፣ እናት ለልጆቿ የምትሠቀቀው ሥቃይ በሰውም በእንስሳም ዘንድ አንድ መሆኑን ያስተምራል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ናሕማኒደስ ደግሞ ሕጉ ለምግብ መግደልን ቢፈቅድም ዘርን ከነሥሩ የሚነቅል ጥፋትን እንደሚከለክልና የሰውንም ልብ ከጭካኔ እንደሚጠብቅ ያትታል። የፊተኛው ሐሳብ የአንዲቱን ወፍ ሕመም፣ የኋለኛው የዝርያን ህልውና፣ ማለትም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረውን ወገን ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. በ1971 በሲንጋፖር ተከፍቶ በ2023 እስኪዘጋና ወፎቹ በማንዳይ ወደሚገኘው አዲስ መናፈሻ እስኪዛወሩ ድረስ የብዙ ቤተሰቦች መዝናኛ የነበረው የጁሮንግ የወፎች መናፈሻ በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች መካከል የቆመ ነበር። ዝርያ አይራብም፣ አይታመምም፣ ክንፉም አይታሰርበትም፤ ይህ ሁሉ የሚደርሰው በአንዲቱ ወፍ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ በወገኗ ስም የታገደች ወፍ የከፈለችው ዋጋ ለራሷ አይመለስላትም፤ መናፈሻውም ይህን ዕዳ ያቃልል የነበረው በአጥሩ ውስጥ የተማረውን ከአጥሩ ውጭ ላሉት ወፎች ሲያውለው ነው።

ለምሳሌ ሆርንቢል የሚባለው፣ ከምንቃሩ በላይ ቀንድ መሰል ቁንጮ ያለው ወፍ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሲንጋፖር ጠፍቶ በ1994 በኡቢን ደሴት ዳግመኛ ታየ፤ ነገር ግን ለጎጆ የሚሆን ባለ ዋሻ ትልቅ ዛፍ ብርቅ ስለ ነበር፣ የመናፈሻው ባለሙያዎች ከአገሪቱ የፓርኮች ቦርድና ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ሰው ሠራሽ ጎጆዎችን በዛፎች ላይ ሰቀሉ። እንስቷ ዕንቁላል ልትጥል ስትገባ በሩን ከውስጥ ትደፍነዋለች፤ ተባዕቱም በቀረው ስንጥቅ ለሳምንታት ፍሬ ያቀብላታል። መዝጋት በራሱ በደል ቢሆን ኖሮ ይህች እናት በደለኛ በተባለች ነበር፤ የእርሷ መዘጋት ግን በፈቃዷ ነው፤ ጫጩቶቿም ለመብረር ሲደርሱ የደፈነችውን በር በገዛ ምንቃሯ ታፈርሰዋለች።